ተረኛው አጎቴ

ያን ቀን በቡታጅራው ክሊኒክ በር ላይ የነበርነው እኔ፣ ያዘልኳት ሳል የያዛት ልጄ፣ ከመስቃን የመጡ እናቶች፣ ቁስል የሚያጥቡትና መርፌ የሚወጉት ድሬሰሩ አጎቴና የቡኢው ጓደኛቸው ነን። ሁለቱም ከጦር ሠራዊት ተሰናብተው ነው በክሊኒኩ በድሬሰርነት የተቀጠሩት።

ጓደኛቸው አዲስ አበባ የመጋዘን ጥበቃ አግኝተው ሊሰናበቱን መጡ።

«አንተ፣ የጃንሆይ ወታደር የሕፃን ቂጥ ሲወጋ ይኖራል?» አሏቸው።

አጎቴ ሳቁ። «ሂድ በሰላም። እኔ ተረኛ ነኝ።»

ወዲያው ወደ እኛ ዞረው «ተረኛ!» ብለው ጮኹ፤ ልጄን ይዤ ገባሁ። ጦር ሰፈር በዚህ ቃል የሚጠራው ዘብ የሚቆመው ነው፤ ክሊኒክ ደግሞ በሽተኛው። አጎቴ በየጠዋቱ ራሳቸውንም በሽተኛውንም በዚሁ ቃል ይጠሩ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ አጎቴ ሞቱ። ለቅሷቸው ላይ አንድ የክሊኒኩ ሹም «ወታደር ክሊኒክ ውስጥ አይበረክትም፤ ሌላ አንቀጥርም» አሉ። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ ግን ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ አጎቴ እስኪሞቱ በርክተዋል። አንድ ቀን እንኳ ‹እንዴት ዋሉ› ያላቸው ከእናንተ ማን ነው?»

አሁን የሚወጋ ሰው ጠፍቶ የመርፌው ክፍል ተቆልፏል፤ የልጄ መርፌ ገና አላለቀም። እኔም ዝም አልልም። የቡኢውን ጓደኛቸውን አዲስ አበባ ያየ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ያሉበትን ንገሩኝ። ከአጎቴ ቀጥሎ ተረኛው እሳቸው ናቸው።