የእትዬ ዘነበች ጥለት

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ለሚሸጡት ለእናቴ ጓደኛ ለእትዬ ዘነበች ዌብሳይት ልሥራ ብዬ መከራዬን አየሁ። ፎቶ ብቻ እየቀየሩ የሚሞሉት ዝግጁ ገጽ ስላለ ቀላል መስሎኝ ነበር። የቀሚሶቻቸውን ፎቶ ሞልቼ ኢንተርኔት ላይ ልለቀው ስል እትዬ፣ «ቆይ! ይሄን ፎቶ ከገጹ አውጣው። ጎረቤት ሱቅ ያሉት ጥለቴን ይሰርቁኛል!» አወጣሁት።

«ያንንም!»

«እትዬ፣ ታዲያ ሰው ምን አይቶ ይግዛ?»

«እዚሁ መጥቶ ይመልከታ!»

የሳቸውን ቀሚስ አንድም ሳይቀር አስወጡኝ። ከገጹ ጋር ለናሙና ፎቶዋ የመጣ ፈረንጅ ሙሽራ ብቻ ቬሎዋን እንደለበሰች ቀረች። በቃ፣ ተናድጄ «ፐብሊሽ» የሚለውን ተጭኜ ለቀቅሁት።

በሳምንቱ እትዬ እየጮሁ ጠሩኝ። ስደርስ ጎረቤት ሱቅ በር ላይ የፈረንጇ ቬሎ፣ ጫፉ ላይ ጥለት ተጨምሮበት ተሰቅሏል።

እትዬ ደረታቸውን እየደቁ፣ «አላልኩህም? ይኸው ተሰረቅሁ!»