በጥቁር ክር የተሰካው ፕሮቲን

ሁሩሙ በምትባል የኦሮሚያ ከተማ ሳስተምር የፕሮቲን ነገር ለራሴም በደንብ አይገባኝም ነበር። መጽሐፉ “አሚኖ አሲዶች በሰንሰለት ተያይዘው” ይላል፤ ሰንሰለት ሲባል የአምስተኛ ክፍል ልጆቼ የሚያውቁት ውሻ የሚታሰርበትን ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ፣ ቦሎቄና በቆሎ ይዤ ገባሁ። መርፌና ጥቁር ክር አደልኳቸው። እያንዳንዱ ፍሬ አሚኖ አሲድ ነው፣ ተራው ከተዛባ ሌላ ፕሮቲን ይሆናል ብዬ ተራውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ሰክተው ሲጨርሱ፣ መንገድ ላይ እንዳይጥሉት “አንገታችሁ ላይ እሰሩት” ያልኩትም እኔው ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት የአንዷ ተማሪዬ አባት፣ ማር ነጋዴ ናቸው፣ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ሰላምታቸው እንደወትሮው ረጅም ነበር። ከዚያ መሐረብ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት፤ የተበጠሰ ክርና የተበታተነ ፍሬ። በእህል ተጫወታችሁ ሊሉኝ ነው ብዬ ይቅርታዬን አዘጋጀሁ።

“ባርሲሳ፣ እናንተን እናከብራለን” አሉ፤ መምህር ማለታቸው ነው በኦሮምኛ። “እኛ ግን ፕሮቴስታንት ነን። ማተብ የምታስሩላት ከሆነ ልጄ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል አትገባም።”

እጄ ሳላዘው አንገቴ ላይ ወዳለው የራሴ ማተብ ሄደ። “ፕሮቲን ነው እኮ” አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ክሩን የገዛሁበት ሱቅ ውስጥ ነጭም ነበር። ጥቁሩን ለምን አነሳሁ? እስካሁንም አላውቅም። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ትምህርቱን ለሳቸው ደገምኩላቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ መሐረባቸውን መልሰው ቋጥረው ልጅቱን ይዘዋት ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ባዶ ቦታዋን እያየሁ አስተማርኩ።

በሦስተኛው ቀን ብቻዋን መጣች። ፍሬዎቹ ቀጭን ሽቦ ላይ ተሰክተዋል።

“አባቴ ነው የሰካው” አለችኝ። “አንቺ ተራውን ትረሻለሽ፣ እኔ ከመምህሩ ሰምቻለሁ ብሎ።”

አየሁት። ባቄላ መሆን በሚገባው ቦታ ቦሎቄ ገብቷል። ተራ ከተዛባ ሌላ ነገር ይሆናል ያልኩት እኔው፣ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። በመጨረሻ ደብተሯ ላይ ራይት አደረግኩላት።

ምልክቱን አየችው፤ ቀጥሎ እኔን።

“ቲቸር፣ ሦስተኛዋ ባቄላ ነበረች እኮ” አለች ቀስ ብላ። “እኔም ሲሰካ አይቼ ዝም አልኩት።”

ሽቦውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች።