ምላጩ የተመለሰለት ሰው

የረጠበ ሣር ሽታ አፍንጫዬን ባወደው ቁጥር፣ ከብዙ ዓመት በፊት ያየሁት አንድ ፀጉር አስተካካይ ትዝ ይለኛል። ባልደረቦቹ ሽቶ ሽቶ ሲሉ እሱ ጫካ ጫካ ይል ነበር። ከሱሪው ጠርዝ ላይ ጭጎጎት አይጠፋም። የሥራው ጥድፊያና የቤቱ ሐሳብ ተደራርበውበት እጁ መንቀጥቀጥ ቢጀምር፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ምላጩን ተቀብለው መጥረጊያ አስያዙት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከከተማው ጀርባ ካለው ጫካ ገብቶ፣ ግንድ ተደግፎ ወፎች ሲያዳምጥ ይቆያል። ባልደረቦቹም “የዛፍ አስተካካይ” እያሉ ይቀልዱበታል።

አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ፣ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ባለቤቱ ቀረበ።

“ጋሼ፣ ዛሬ ልሞክር። ልቤ ረግቷል፤ እጄም እንደዚያው።”

“በማን ጉሮሮ ነው የምትሞክረው?”

“ከፈቀዱልኝ በእርስዎ።”

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌው ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

“ከቆረጥከኝ መጥረጊያውንም አታገኘውም።”

“እሺ፤ ብቻ አሁን አይናገሩ፣ ጉሮሮዎ ይንቀሳቀሳል።”

ምላጩ ከጆሮ ግንዳቸው ተነሥቶ፣ በረጋ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅጠል ቀስ ብሎ እስከ አገጫቸው ወረደ። ሲቀልዱበት የነበሩት መቀሳቸውን አቁመው ተመለከቱት። ጠብታ ደም አልታየም። ሽማግሌው በመስተዋቱ ፊት ጉንጫቸውን ደባበሱ።

“በል፣ ከነገ ጀምሮ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ይያዘው” አሉ።

እሱ ምላጩን ጠርጎ አጠፈና ለነገው ሥራ በደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያም እያፏጨ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል፣ ወደ ጫካው በሚወስደው በር ወጣ።