ከጎረቤቴ ጋር የገጠምነው ኳስ

ጌም ቤቶች ቦንጋ ውስጥ መከፈት በጀመሩበት ሰሞን ቁርጥማት ጣቶቼን አላንቀሳቅስ አለኝ። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ «ጋሼ፣ ጌም ይጫወቱ፤ ጣቶችዎን ያፍታታልዎታል» አለችኝ።

እያፈርኩ ገበያው አጠገብ ወዳለው ጌም ቤት ገባሁ። ክፍት የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ከጎኑ ደግሞ በአጥር ተጣልተን ለዓመታት የተኳረፍነው ጎረቤቴ ገብሬ ጆይስቲክ ይዞ ተቀምጧል።

«የሚገጥመኝ አጥቼ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ።

ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሳሁና በቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ገጠምን። ብዙም ሳይቆይ የእሱ ተከላካይ ኳሷን የገዛ ግቡ ውስጥ ከተታት። ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ፤ እሱ ግን ቀድሞኝ በሳቅ ፈነዳ።

ጨዋታው ሲያልቅ እጁን ዘረጋልኝ። በደስታ ጥብቅ አድርጌ ጨበጥኩት።

«ኧረ ቀስ» አለኝ፤ «እኔንም ነርሷ የላከችኝ ለዚሁ እጄ ነው።»