ለአንዲት አክስት ሁለት መታወቂያ

ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ የወጣሁት አክስቴ ራሷ አክስቴ መሆኗን ለማስመስከር ነው። ይህን ለአለቃዬ ነግሬ ፈቃድ ስጠይቀው ሳቀ። ያን ጊዜ እኔም ስቄ ነበር። ስመለስ የሚስቅብኝ ሰው ባገኝ ግን ጉሮሮውን ነበር የማንቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭሮ የምትኖረው አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የጨርቅ ሱቃቸውን ብቻዋን ይዛ ለሐጅ ስትዘጋጅ ኖራለች። ዘንድሮ ሁሉም ነገር ተሟላላት፤ ጉልበቷ ብቻ እያመፀ መጣ። «ዘንድሮ ካልሄድኩ በቃሬዛ ነው የምትወስዱኝ» አለችኝ በስልክ። ለፓስፖርቱ ደግሞ ብሔራዊ መታወቂያና ከቀበሌዋ የተጻፈ ማረጋገጫ ያስፈልጋታል። ብሔራዊ መታወቂያው ላይ ከድጃ ትባላለች። ቀበሌው የሚያውቃት ዝናሽ ብሎ ነው። የሐጅ ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር።

ከላምበረት እስከ ሚኤሶ

«አሰበ! አሰበ! የሞላ!» እየተባለ በጭሮ የድሮ ስም የሚጠራው ሚኒባስ ባዶውን ቆሞ ነበር። እስኪሞላ ፀሐይ ወጣች። ከታሪፉ በላይ ሲያስከፍሉን «ነዳጅ ጠፍቶ ነው» አሉን፤ ነዳጅ ሲገኝ ትርፉን እንደማይመልሱልን እያወቅን ከፈልን። አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ከበሰቃ ሐይቅ ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ሙቀቱን ይተፋ ጀምሯል። አዋሽ ላይ ወርደን ፍርፍር በላን። ለአክስቴ ብዬ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ገዛሁ፤ እስከ ጭሮ ድረስ እግሬ ላይ ሲንከባለል ሄደ።

ከአዋሽ ወዲያ አንድ ኬላ ላይ «ውረዱ፣ መታወቂያ!» ተባልን። እኔ በኩራት ስልኬን አውጥቼ ዲጂታሉን አሳየሁ። የቀበሌ መታወቂያዬን አዲስ አበባ አንድ ባንክ «ይሄ ቀርቷል» ብሎ ስለመለሰብኝ፣ ተናድጄ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር የመጣሁት።

«መታወቂያ አልኩህ እንጂ ስልክ አልኩህ?» አለኝ ፈታሹ።

«መታወቂያዬ እኮ ነው። የፌዴራል ነው።»

«ማኅተሙ የታለ?»

«ማኅተም አያስፈልገውም። ይሄን ኮድ በስልክህ ስታነሳው ማን እንደሆንኩ ይነግርሃል።»

«እዚህ ኔትወርክ አለ?»

አልነበረም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ረዳቱ «የአሰበ ልጅ ነው፣ ደንበኛችን ነው» ብሎ ባይዋሽልኝ ከነሐብሐቤ እዚያው ቀርቼ ነበር። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፤ ካርዴን ጥዬ የመጣሁት እኔው ነኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ልጄ፣ በዚህ መንገድ ማኅተም የሌለው ነገር ይዘህ አትውጣ» ብለው መከሩኝ። የአሰቦት ተራራን በቀኝ ትተን ሚኤሶ እስክንገባ አኩርፌ ነበር። ሚኤሶ ላይ አንድ ኩባያ የግመል ወተት ጠጥቼ በረድ አልኩ።

ጭሮ

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ሙቀቱ እየቀረ፣ የጫት እርከኑ እየበዛ ይመጣል። የከተማው መግቢያ ላይ «ጭሮ» የሚል ሰሌዳ አለ። ረዳቱ ሰሌዳው ስር ቆሞ «አሰበ ወራጅ!» ይላል። ሁላችንም ወረድን፤ ማንም ግራ አልተጋባም።

አክስቴ በሱቋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ሆጃ አፈላችልኝ፤ ሆጃ በወተት የተፈላ የቡና ቅጠል ነው፣ በዚህ አገር ለድካምም ለንዴትም ይሰጣል። እኔ ለሁለተኛው ነበር የሚያስፈልገኝ።

«ቆይ፣ እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት። «ከድጃ መሆንሽ ቀርቶ እንዴት ዝናሽ ሆንሽ?»

አማቷ ከድጃ ይባሉ ነበር። በቤታቸው ልማድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ አማትም በራሷ ስም ሌላ ሴት «ነይ፣ ሂጂ» አትልም። በአንድ ጣሪያ ስር ሁለት ከድጃ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ አማቷ ገና በሙሽርነቷ «ከዛሬ ጀምሮ ዝናሽ ነሽ» አሏት። ባሏም፣ ገበያውም፣ ቀበሌውም ዝናሽ አላት። የሱቁ ፈቃድ፣ የቤቱ ካርታ፣ እድሩም ዝናሽ ይላል። ባለፈው ዓመት ግን ለዒድ ወንድሟ ዘንድ ገለምሶ ሄዳ ሳለ የብሔራዊ መታወቂያ መዝጋቢዎች መጡ። አጎቴ ሀጂ ሁሴን ምስክር ሆኑላት፣ ስሟንም ተጠየቀች።

«ታዲያ ምን ነክቶሽ ከድጃ አልሻቸው?»

«ለሐጅ ፓስፖርት የሚሆነው ይሄ ነው ሲሉኝ ነዋ! አላህ ፊት አባቴ ባወጣልኝ ስም ልቁም ብዬ።»

«ቀበሌውስ?»

«ቀበሌ አላህ ነው እንዴ?»

ሆጃዬን ጨረስኩ።

በማግስቱ ጠዋት

የቀበሌው ኃላፊ ኦቦ ጀማል ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሉን። «አደ ዝናሽ፣ አካም ቡልተን? እንዴት አደሩ?» ብለው እጇን ሳሙ። እዚህ ትልቅ ሴት «አደ» ተብላ ነው የምትጠራው። ስለ ሱቁ ጠየቁ፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህም ይበልጥ ያናድዳል። የብሔራዊ መታወቂያዋን ህትመት ተቀብለው ገለበጡትና መለሱልኝ።

«ይሄን እኛ አናውቀውም።»

«የመንግሥት ነው እኮ።»

«የፌዴራል ነው። እኛ ጋ ከበላይ መመሪያ አልወረደም። ደብዳቤ ይምጣ፣ እንቀበላለን።»

«ደብዳቤው መቼ ይመጣል?»

«ሲጻፍ።»

ፊቴን አይተው መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ ወንድሜ። ሰውን የሚያውቀው ቀበሌው ነው። አደ ዝናሽ ማን እንደሞተባቸው፣ ለማን እንደደረሱ፣ ከማን ጋር ተጣልተው ከማን ጋር እንደታረቁ እኛ እናውቃለን። አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር ምን ያውቃል? ዓይንና ጣት። በዓይንና በጣት ከሆነማ ቀበሌ ለምን ተቋቋመ?»

የሚያበሳጨው፣ እውነት አላቸው። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሞት ማን እንደሞተ የሚነግር ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

«ይህን ያህል ካወቋት፣ ከድጃም እሷ መሆኗን ይጻፉልን ታዲያ» አልኩ።

«እሱን አልችልም። እኔ የምጽፈው የማውቀውን ሳይሆን ማስረጃ ያለውን ነው።»

ወጥቼ ለብሔራዊ መታወቂያው ሰዎች ደወልኩ። ብዙ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ልጅ «ዝናሽ የምትባል ሰው በሲስተማችን የለችም» አለችኝ። ስም ማስቀየር ከፈለግን የፍርድ ቤት ውሳኔ እናምጣ፤ ለዚያ ደግሞ የቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋል። አንደኛው ከድጃን አላውቅም ይላል፣ ሌላኛው ዝናሽን አላውቅም ይላል፤ ሁለቱም የማያውቋት አክስቴ በረንዳው ላይ ቆማ ጉልበቷን ታሻለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

በመጨረሻ ኦቦ ጀማል መላ አገኙ። ከተወለደችበት ከገለምሶ፣ ከድጃም ዝናሽም አንድ ሰው መሆኗን የሚገልጽ የምስክር ቃል ይምጣ።

ገለምሶ

ወደ ገለምሶ የሚወስደው መንገድ በበዴሳ በኩል ነው። የጫት መኪኖች ጡሩንባቸውን እያንባረቁ ሲበሩ የእኛ ሚኒባስ ዳር ይዞ ያሳልፋቸዋል። ጫት ይደርቃል፣ ወረፋ አይጠብቅም። የሰው ነገር ግን ይጠብቃል። አክስቴ ጉልበቷ ላይ ቅባት እየቀባች፣ በየኩርባው «ያ ረቢ» ትላለች። ሁለታችንም ስልኬ ላይ ሰዓት ማየት አቁመናል።

አጎቴ ሀጂ ሁሴን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ቢሮ ድረስ መጡ። «ወንድሟ ነኝ። ስትወለድ ነበርኩ፣ ስትዳርም ነበርኩ» አሉ። ጸሐፊው መታወቂያ ጠየቃቸው። አጎቴ ፕላስቲኳን የፌዴራል ካርድ አወጡ።

«ይሄ አይሆንም አባባ። የቀበሌዎን ያምጡ።»

«እሱማ ጊዜው አልፎበት ቀደድኩት። አዲሱ መጣ አላላችሁም?»

«እኛ አላልንም።»

ከአንድ ማህፀን የወጣ ወንድም ምስክር መሆን አልቻለም። በምትኩ ከሰፈሩ ሁለት ጎረቤቶች ተጠሩ፤ አንደኛው ወደዚያ ሰፈር የገባው አክስቴ ከተዳረች በኋላ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ግን ነበረው። አጎቴ እየነገሩት፣ እሱ እየደገመ፣ ጸሐፊው እየጻፈ ምስክርነቱ ተሰጠ።

«ወላሂ ልውጣና ግድግዳ ላይ ልጩህ» አሉኝ አጎቴ በጆሮዬ።

«አብረን እንጩህ» አልኳቸው።

ዳግም ጭሮ

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን ኦቦ ጀማል ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አነበቡት። «ጥሩ ነው» አሉ። እንግዲህ አለቀ ብዬ ሐምዱሊላህ ልል ስል ቀጠሉ፦

«ሁለት ስም በአንድ መዝገብ አይኖርም። በከድጃ አዲስ የቀበሌ መታወቂያና ማረጋገጫ እንሰጣለን። ዝናሽ ይሰረዛል።»

«የሱቁ ፈቃድስ? የቤቱ ካርታስ?»

«እሱ ሌላ ቢሮ ነው።»

«በሌለ ሰው ስም የተመዘገበ ቤት ሊኖራት ነው ማለት ነው?»

«እዚያም ታመለክታላችኋ።»

አክስቴ ግን እኔንም እሳቸውንም አልሰማችም። ወረቀቱን እያየች «ሌላ መንገድ የለም?» አለች። «አማቴ ያወጡልኝ ስም ነው። ሟቹም ሲሰናበተኝ ዝናሽ ብሎ ነው።»

ኦቦ ጀማል እስክሪብቷቸውን ከፍተው ዘጉት። «አውቃለሁ፣ አደ» አሉ። ማወቃቸውንማ ማን ካደ።

«እሺ፣ በየትኛው ስም ልፈርም?»

«በዝናሽ። የሚሰረዘው እሱ ስለሆነ።»

ጻፈች። ዘወትር ፊርማዋ አጭርና ፈጣን ነው፤ ያን ቀን ግን ሙሉ ስሟን፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ ጻፈችው። ማኅተሙ ሲመታ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

በር ላይ ስንደርስ ኦቦ ጀማል ከኋላ ተጣሩ። «አደ ዝናሽ! ሐጅዎን አላህ ይቀበልዎ። ዱዓ ያድርጉልን!»

ይህን ጊዜ ፈነዳሁ። «አሁን ሰርዘዋት የለ እንዴ? ዝናሽ የታለች?»

ሰውየው ከልባቸው ደነገጡ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጥራቸው?»

አክስቴ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። መናኸሪያው ውስጥ ከመንገድ የገቡት መኪኖች ረዳቶች ገሚሱ «ጭሮ ወራጅ!» ገሚሱ «አሰበ ወራጅ!» እያሉ ይጮሃሉ። ለከተማው የተፈቀደ ነገር ለአክስቴ ተከለከለ፣ እያልኩ ለማንም ሳይሆን ለራሴ አጉረመረምኩ።

አዲስ አበባ

እሷን ፓስፖርቷን እስክታወጣ ድረስ እኔ ቤት አሳረፍኳት። ምዝገባውም ሊዘጋ ሲል ደረሰላት። ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግሁት መሳቢያውን ከፍቼ የቀበሌ መታወቂያዬን መፈለግ ነበር። አሁን አዲሱንም አሮጌውንም ጎን ለጎን በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ፤ ከጉዞው የተማርኩት ይሄንኑ ነው፣ ሌላ ጥበብ አልጨመረልኝም። የቤቱን ካርታ ለማስቀየር ደግሞ እንደገና ወደ ጭሮ መሄዴ የማይቀር ነው። ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

አክስቴ ከመካ ደወለች። ድምፅዋ በሰው ጩኸት መሃል እየተቆራረጠ ነበር። ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ረሳሁት» አለች። ለእናቴ፣ ለአጎቴ፣ ለእኔም ዱዓ እንዳደረገች ነገረችኝ።

«ለኦቦ ጀማልም አደረግኩ» አለች።

«ለእሳቸውማ ባታደርጊም ይቻል ነበር።»

«ለዝናሽም አደረግኩላት።»

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ማን ያድርግላት ልጄ? ቀብሯ ላይ የተገኘነው እኔና አንተ ብቻ ነን።»