በአሥራ ሦስተኛው ወር የተከተበ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የዕቃ ሣጥኑን የማየው ቀስ እያልኩ ነው። በቀን አንድ ነገር አወጣለሁ፤ አገላብጬ አይቼ እመልሳለሁ። ዛሬ እጄ የገባችው ቢጫዋ የክትባት ካርድ ናት።

በደርግ ዘመን መጀመሪያ ደብረ ታቦር ነበርን። እሱ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ እኔ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ሁለት ጊዜ ታልፎ በሦስተኛው ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ወደ ቡልጋሪያ እንዲሄድ ተመረጠ። ያን ጊዜ ከአገር ለመውጣት የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመውጫ ቪዛና እንደሚመለስ የሚፈርም ዋስ ያስፈልጋል። ዋስ የሆኑት ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ከእብናት መጥተው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ሲወጡ በጋቢያቸው ጫፍ ቀለሙን እየጠረጉ፣

“እንግዲህ ካልተመለስክ የሚታሰረው ይኸ ጣት ነው” አሉት።

“ጣት ብቻውን አይታሰርም ጋሼ።”

“እሱን እኮ ነው የምልህ።”

የቀረው የፈንጣጣ ክትባት ነበር። ያለዚያ ማስረጃ የሰው አገር አያስገቡም። የተከተበው ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ነው። እንደ አገራችን ልማድ ለበረከት ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ስለነበር ጤና ጣቢያ የገባው ፀጉሩ እየተንጠባጠበ ነው። የጤና ረዳቱ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ግራ ክንዱን ጫሩና ወደ እኔ ዞሩ።

“ጽሕፈትሽ ያምራል፣ ካርዱን አንቺው ሙይለት። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ መቀየር እንዳትረሺ።”

አልረሳሁም፤ ዓመቱን ቀየርኩ። ቀኑንና ወሩን ግን እንዳለ በቁጥር ጻፍኩ። ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት። የዓለምን ካርታ በቃሉ የሚያውቀው ባሌም አየና “እጅሽ ይባረክ” ብሎ ኪሱ ከተተው። አዲስ አበባ በየቢሮው ስንት ሰው አገላብጦታል፤ ማንም ምንም አላለም። ለሁላችንም ጳጉሜ ወር ነው።

በሄደ በሳምንቱ፣ ከመድኃኒት ጋር የተላከ የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ስሰቅል አንድ በአንድ ገለጥኩት። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ስህተቴ የታየኝ ግን ያኔ ነው።

“ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?” አሉኝ የጤና ረዳቱ። ነገርኳቸው። ቀን መቁጠሪያውን ራሳቸው ገልጠው አዩና፣

“ይመልሱታላ” አሉ። “ሄደ ብለሽ ስታለቅሺ ከርመሽ፣ ተመለሰ ብለሽ ልታለቅሺ ነው?”

አፈርኩ። ከልቤ አንዱ ወገን ይመልሱት ይል ነበር። ግን ያን ያህል ዓመት የጠበቀውን ነገር በእኔ ጽሕፈት ምክንያት ቢያጣው፣ ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ? አምስት ሳምንት አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያ ቆሜ ወራጁን አየሁ። እሱ አለመሆኑ ደስ ይለኛል፤ እሱ አለመሆኑ ይከፋኛል።

በስድስተኛው ሳምንት ደብዳቤው ደረሰ።

“ከአውሮፕላን ወርደን መግቢያው በር ላይ ካርዴን ያየችው ሴት ወሩን ስታነብ ባልደረባዋን ጠራች፤ እሱም ሌላ ጠራ። አገሬ አሥራ ሦስት ወር እንዳለው ወረቀት ላይ እየጻፍኩ አስረዳኋቸው። ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። ግን አላሳለፉኝም። አንድ ክፍል አስገብተው ቀኝ ክንዴንም ጫሩልኝና ግባ አሉኝ። አሁን ፈንጣጣ እኔን ካየ መንገድ ይቀይራል። እንዳይቆጡሽ ለማንም አትንገሪ።”

ዘጠኝ ወሩ ሲያልቅ መጣ። ወንድሙ አቅፈው ሳሙትና “ጣቴ ተፈታ” አሉ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሩፋኤል ሲዘንብ፣ ደጅ ወጥቶ ሁለቱንም እጅጌውን ይሰበስብና ክንዶቹን ለዝናቡ ይሰጣል። ልጆቻችን የግራውን ከዚያም የቀኙን ጠባሳ ሲነኩ “ይኸ የእናታችሁ ነው፣ ይኸ የሰው አገር ነው” ይላቸዋል። የግራው ጎልቶ ይታይ ነበር።

ካርዷ ላይ የእኔ አሥራ ሦስት በቀይ ቀለም ተሰርዟል፤ ከሥሩ የማላውቀው ሰው ጽሕፈት አለ። ባሌን ሌላ ካርድ እንዲያወጣ ብዙ ጊዜ ነግሬው ነበር፤ እሺ ይላል፣ አያወጣም።

ዘንድሮም በሩፋኤል ዘነበ። ልጆቹ ደጅ ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ግራ እጄን ብቻ ዘረጋሁ።