«በፈቃዷ» ብዬ የጻፍሁት ውል

እኅቴ ከጅዳ ተባርራ በተመለሰችበት ሰሞን ወረታ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ምን ይዛ መጣች?» ይለኝ ነበር። አንድ ፌስታል ይዛ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምታ ነበር የመጣችው። መንገድ ላይ ይዘው፣ ወራት አስረው፣ የዐሥር ጣቶቿን አሻራ ወስደው ነው አውሮፕላን ላይ የጫኗት። ይህን ለጠያቂዎቹ አልነገርሁም። «አይ የሰው አገር!» ብለው ከንፈር መጥጠው ሲያልፉ ማየት አልፈለግሁም።

ከመሄዷ በፊት ገበሬ ነበረች። እናታችን ያወረሰችን መሬት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ክረምት ውሃ ከሚተኛበት፣ ሩዝ ከሚዘራበት ቦታ ነው። እኔ ደመወዝተኛ ስለሆንሁ ድርሻ አልጠየቅሁም፤ ለታላቅ ወንድማችንና ለእርሷ ተከፈለ። ስትሄድ «እስክመለስ እረስልኝ» ብላ ሰጠችው። ከሰባት ዓመት በኋላ ስትመለስ «የትኛው መሬት?» አላት። ለተመላሾች የፀጉር ሥራ አሠልጥኖ ወረቀት የሰጣት መሥሪያ ቤትም መሬቷ በማን እጅ እንዳለ አልጠየቃትም።

ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሦስት ሽማግሌዎች ወንድሜ ቤት ተቀመጡ፤ «የታላቅ እኅቷ ጽሕፈት ንጹሕ ነው» ተብሎ ውሉን እንድጽፍ እኔ ተጠራሁ።

«ልጄ፣ አገር ለቀሽ ኖረሻል፤ አሁን ማን በሬ ይጠምድልሻል?» አሏት ታላቁ ሽማግሌ። «መሬቱን ለወንድምሽ ስጪው። እርሱም ባል እስኪመጣ ከግቢው አንዲት ክፍል ይስጥሽ።»

«ኧረ እርሻውንስ የት ታውቀውና!» አለ ወንድሜ እየሳቀ። «እርሷ ሩዝ የምታውቀው በድስት ነው።»

«አንተስ?» አለችው። «አረሙን የሚያርሙልህ ሴቶች፤ አንተ የምታውቀው በሳህን።»

አንዱ ሽማግሌ ሳያስቡት ሳቁ፤ ወዲያው ግን «ይብቃ፣ ይጻፍ» ተባለ።

ጻፍሁ። ስርዝ ድልዝ የለበትም። «መሬቷን በፈቃዷ ለወንድሟ ሰጥታለች» አልሁ፤ እንዲህ ያለ ውል ሁሉ በዚህ ቃል ስለሚጻፍ እጄ አላመነታም። ከሥሩ ለአሻራዋ ቦታ ተውሁ። ወንድሜ ቀለሙን አቀረበላት።

እርሷ ግን ወረቀቱን አነሣች። የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው።

«እታለም፣ ይችን ‹በፈቃዷ› የምትለዋን ማን ነገረሽ?»

እስክሪብቶዬን ከደንሁ።

«እኔ ነግሬሻለሁ?»

«አልነገርሽኝም።»

«እዚያ አሻራዬን ሲወስዱ እጄን የያዘው ወታደር ነው። ፈቅዳ ነው ብሎ የጻፈብኝ ግን የለም።» ቀለሙን ወደ ወንድማችን መልሳ ገፋችው።

በሽማግሌዎቹ ተናደድሁ፤ በወንድሜም። ነገር ግን ያን ቀን እንደ ራሴ ያስጠላኝ ሰው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት፣ ሃያ ዓመት ቢሮ ተቀምጬ የተመሰገንሁበት ጥንቃቄ ሁሉ የእኅቴን መሬት ያለ ስሕተት ለመንጠቅ አገልግሎ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ወደዚያችው መሬቷ ለአረም ወረደች፤ ተከተልኋት። ውሃው ቁርጭምጭሚታችንን ይሸፍን ነበር። ብዙም ሳልቆይ «ኧረ እታለም፣ ሩዙን ፈጀሽው!» ብላ ጮኸችብኝ። ከነቀልሁት ግማሹ ሩዝ ነበር።

«ዓይንሽን አትመኚው። ቅጠሉ ከአገዳው የሚለይበትን በጣትሽ ዳስሺ። ሩዙ እዚያ ላይ ጠጉር አለው፣ አረሙ ባዶ ነው።»

ሰባት ዓመት የራቀችው እርሷ ወደ እኔ እያየች እንኳ በዳሰሳ ትለየው ነበር። እኔ ከሜዳው አፋፍ ኖሬ አልለየውም፤ አገር ለቀሻል ያለኝ ሰው ግን የለም።

ወንድማችን ከእርሻው ዳር ቆሞ «እከስሻለሁ!» አለ።

«ክሰሰኛ! አረሙን ልጨርስና እመጣለሁ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ከሰሰ። በሽማግሌ ፊት የተስማማችበትን ቃል አጠፈች ብሎ ነው፤ ሽማግሌዎቹንም ምስክር ቆጥሯል። ቀጠሮው ከአጨዳ በፊት ነው። እርሷ ደግሞ እኔን ቆጥራለች። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ የቤተሰቤን ጉዳይ ደግሞ ፈጽሞ። አሻራ ያላረፈበት ወረቀት ግን በእጄ ነው። ዳኛው ፊት አውጥቼ ያን ቃል እርሷን ሳልጠይቅ የጻፍሁት እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ወንድሜም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይስማኝ።